የትሁን ብዜትና የማይጾመው ነብር

ኅዳር 3 ቀን 2010፣ ላሊበላ

ልጄ ሰብሌ ዛሬ ወደ ደሴ ተመለሰች። ለእናቷ ለወለተ ሐና ሁለተኛ ሙት ዓመት መጥታ ነው የሰነበተችው። ስትሄድ አሮጌ ሞባይሏንና ይህን ደብተር ትታልኝ ሄደች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰብሌ ልጅ ትሁን ከጡት ከወጣች ጀምሮ ያደገችው እኔ ዘንድ ነው። አሁን ሰባት ዓመቷ ነው፣ ሁለተኛ ክፍል። ሰብሌ ሆስፒታል ነርስ ናት፤ አዳር ስለምትገባ ነበር ልጅቷን የተወችልን። አሁን አዳሩ ቀርቶላታል። ደሴ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ደግሞ ከሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ጀምሮ ልጅቷን እቀበላለሁ ብሏል። ግን ብዜት እስከ ዘጠኝ በቃሏ ማወቅ አለባት አሉ።

«አባዬ፣ ለገና መጥቼ እኔው እጠይቃታለሁ። ካወቀች ይዣት እሄዳለሁ። ካላወቀች ሰው ፊት አላዋርዳትም፤ እስከ ክረምት ከእርስዎ ጋር ትቆያለች» አለችኝ።

እኔም «ደግ፣ አስጠናታለሁ» አልኩ። ቃሌ ቃል ነው። አረጋ ልጅ አደናቀፈ የሚል ሰው ካለ ፊት ለፊት ይምጣ።

ሞባይሉ ውስጥ ማባዛት የሚያስተምር ነገር አለ። በኢንተርኔት ነው የሚሠራው፣ ከፈረንጅ አገር። ጥያቄ ያወጣል፣ ልጅ ይመልሳል፣ እሱ ያርማል። የሠራችውን ደግሞ በየሳምንቱ ደሴ ድረስ ለሰብሌ ይነግርብናል። ደብተሩ፣ በየቀኑ የተጠናውን እንድጽፍበት ነው። መሠረተ ትምህርት ጊዜ ከቀበሌያችን አንደኛ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ መጻፍ አያቅተኝም። እጄ ነው የሚዘገየው።

ኅዳር 4

ተጀመረ። ሲከፈት አንድ የነብር ግልገል ብቅ ይላል። ትሁን በትክክል ስትመልስ ይዘላል፤ ስትሳሳት ጆሮውን ይጥላል። ዝንጉርጉር ስለሆነ ቡሬ ብላ ስም አወጣችለት።

«ቡሬ የበሬ ስም ነው» ብላት፣ «አባባ፣ እሱ መቼ ያውቃል» አለችኝ።

እኔም ልሞክረው ብዬ ነካሁት። ሁለት ጊዜ ሦስት ይላል። ስድስትን ተጫንኩ፣ ዘጠኝ ተጻፈ። ዕቃው ጥራት የለውም።

ኅዳር 6

የሁለትን ጨርሳ የሦስትን ጀመረች። ከመቼው! ይህን ያህል መፍጠን ለልጅ ጥሩ አይመስለኝም። ጭንቅላቷ ገና ለጋ ነው። ነገ ትረፍ።

ኅዳር 9

የሞላሁት ካርድ ሁሉ አለቀ። ይህ ኢንተርኔት የሚሉት ሆዱ አይታወቅም። ሙሉሃብት፣ ጎረቤቴ ናት፣ «አያ አረጋ፣ ከላይ ካለው ሆቴል አጥር ሥር ቢቀመጡ በነጻ ይደርስዎታል፤ ልጆቹ ሁሉ እዚያ አይደል የሚውሉት» አለችኝ። ትሁንን ይዤ ሄድኩ። የሆቴሉ ዘበኛ ጋሻዬ ነው፣ የልጅነት ጓደኛዬ። ወታደር ነበር፤ እስከ ዛሬ ሰው ሲያናግር ያዛል።

«ተነሥ ከዚያ! አንተ አረጋ፣ በስተርጅና የሆቴል አጥር ደግፈህ ቀረህ?»

«ልጅ እያስጠናሁ ነው።»

«ማን ማንን?»

ትሁን ሳቀች። የነገሩን አጸፋ አልመለስኩም። እሷ ፊት ስለሆነ ነው።

ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። አልተጠናም።

ኅዳር 13

ትናንት ሚካኤል ስለነበር ድካም አለ። አልተጠናም።

ኅዳር 14

ነገ ጾም ይገባል። ቤት መሰናዳት አለበት። አልተጠናም።

ኅዳር 15

ጾመ ነቢያት ገባ። ዛሬ ያላሰብኩት ነገር ገጠመን።

ትሁን የሦስትን ፈጸመች። የአራት ከመከፈቱ በፊት ግን ቡሬ መብላት አለበት። ካልበላ አይከፈትም። ምግቡ ተደርድሯል፤ ሥጋ፣ ዕንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ። ዓሣ ይበላል የሚሉ አሉ፤ እኔ ከእነሱ ወገን አይደለሁም። ትሁን ጣቷን ሥጋው ላይ ልታሳርፍ ስትል እጇን ቀለብ አደረግሁት።

«ምን ነካሽ? ዛሬ እኮ ጾም ነው!»

«አባባ፣ ሥዕል ነው።»

«እጅሽም ሥዕል ነው?»

አሰበች። እጇን ከኋላዋ ደበቀች።

«ታዲያ እስከ መቼ ነው የማይበላው?»

«እስከ ገና።»

«ይሞታላ!»

«ጾም የገደለው ነብር አላየሁም።»

ስለዚህ የአራት አልተከፈተም። ምን ላድርግ? የሃይማኖት ጉዳይ ነው። እኔ አይደለሁም ዓሣና ሥጋ የደረደርኩት። እራቴን ደህና አድርጌ በላሁ።

ኅዳር 18

ሙሉሃብት ወንፊት ልትዋስ መጣች። ትሁን የቡሬን ነገር ነገረቻት። ሙሉሃብት ወንፊቱን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«አያ አረጋ፣ ያሰሩት ነብሩን ነው ልጅቷን?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ኧረ ምንም። ወንፊት ፈልጌ ነው የመጣሁ።»

ይህች ሴት ነገር ትወዳለች። ወንፊቱን ስትመልስ ቀዳዳ እንዳለው አያለሁ።

ኅዳር 20

ሰብሌ ደወለች። «አባዬ፣ ትሁን ሦስት ላይ ቆማለች ይላል። አሟት ነው?»

«ደህና ናት። ጾም ነው።»

«ጾሙ ምን አደረገ?»

አስረዳኋት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ አባዬ። አባ ገብረ ሊባኖስን ይጠይቁ።»

«የነፍስ አባቴን በነብር ላስቸግር?»

«ይጠይቁ።»

ልክ እንደ እናቷ ናት። አንዴ ትናገራለች፣ ከዚያ ድምፅ የለም።

ኅዳር 21

ጽዮን ማርያም። አልተጠናም።

ኅዳር 23

አባ ገብረ ሊባኖስ ከቅዳሴ ወጥተው ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። መስቀል ተሳልሜ አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

«አባቴ፣ ነብር ያጎረሰ ሰው ጾም ገደፈ ይባላል?»

«ነብር ከየት አባህ አገኘህ?»

«ሞባይል ውስጥ ነው።»

ፊቴን አዩ፣ ግንባሬን ዳሰሱ። ትኩሳት እንደሌለኝ ሲያረጋግጡ ሞባይሉን አሳየኋቸው።

«ይህ ነብር ተጠምቋል?»

«ከየት አባቴ።»

«ታዲያ ማን አስጾመው?»

«የሚበላው እሱ ቢሆንም የምታበላው ልጅቷ ናት። እጇ...»

«ቤትህ ድመት አለች?»

«አለች።»

«በጾም አይጥ ስትይዝ ታስጥላታለህ?»

«አላስጥላትም።»

«ለድመትህ የፈቀድከውን ለዚህ ምስኪን ከለከልከው?»

ይህን እያሉ ጣታቸውን በሞባይሉ መስተዋት ላይ ገፋ ቢያደርጉት ምግቡ ተንሸራተተና ከዓሣው ወዲያ ሙዝ ብቅ አለ። ካሮትም አለ።

«ይኸውልህ የጾም! ሂድ አብላው። ሌላ ምክንያት ካለህ ግን አረጋ፣ ለንስሐ ስትመጣ ትነግረኛለህ።»

ሌላ ምን ምክንያት አለኝ? ተቆጣሁ። በሆዴ ነው የተቆጣሁት፣ የነፍስ አባት ናቸው።

ማታ ቡሬ ሙዝ በላ። የአራት ተከፈተ። ነብር ሆኖ በሙዝ እንደዚያ መዝለሉ አሳፈረኝ።

ኅዳር 27

ከእንግዲህ በራሴ መንገድ ነው የማስጠናት። ልጅ ሆኜ ቄስ ትምህርት ቤት ስገባ የኔታ በዜማ ነበር የሚያስይዙን፤ እስከ ዛሬ ከእንቅልፌ ቢቀሰቅሱኝ እለዋለሁ። ትሁንም በዜማ ትያዝ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወደ አሸተን ማርያም ገዳም በሚወጣው መንገድ ይዣት ሄድኩ። እኔ በዱላዬ መሬቱን እመታለሁ፣ እሷ ትከተላለች።

«ሰባት ጊዜ አንድ ሰባት፣ ሰባት ጊዜ ሁለት ዐሥራ አራት፣ ሰባት ጊዜ ሦስት ሃያ አንድ...»

ከመነኮሳቱ አንዱ ከላይ ሲወርዱ ቆመው ሰሙን። «የማን ድርሰት ነው?» አሉ። ድምፄ ገና እንዳልተሰበረ ያወቅሁት ዛሬ ነው።

ታኅሣሥ 1

የአምስት፣ የስድስት፣ የሰባት፣ ሁሉንም ያዘች! እንደ ውኃ ታወርደዋለች። ፈረንጅ በነብር ያልቻለውን አረጋ በዱላ አስያዘ። ሰብሌ ስትሰማ ምን እንደምትል እንጃ።

ደስታዬ ምን ላይ እንደሆነ እንጃ።

ታኅሣሥ 3

መከራ። ሰባት ላይ ሲደርስ ቡሬ በተራ መጠየቁን ተወ! ሰባት ጊዜ ስድስት ብሎ ድንገት ያፈጣል። ትሁን ደግሞ ከሥር ካልጀመረች አይመጣላትም። «ሰባት ጊዜ አንድ ሰባት፣ ሰባት ጊዜ ሁለት...» እያለች አንገቷን እየነቀነቀች ዜማውን ስትጀምር፣ አራት ሳትደርስ ሰዓቱ ያልቅና ጆሮውን ይጥላል።

«ትንሽ ይታገሥ እንጂ!» አልኩት።

«አባባ፣ አይሰማዎትም።»

ጋሻዬ ከበሩ ሆኖ ሆዱን ይዞ ይስቃል። «ይህች ልጅ ሰባት ጊዜ ስድስትን ለመመለስ ማኅሌት ትቆማለች እንዴ?»

መሣሪያው ነው ጥፋተኛው። ከመካከል መጠየቅ ምን የሚሉት አመል ነው?

ታኅሣሥ 4

ትሁን ትምህርት ቤት ሳለች መሣሪያውን ልፈትሸው ብዬ ብቻዬን ሆቴሉ አጥር ሥር ሄድኩ። ልፈትሸው ብቻ። ሰባት ጊዜ ስምንት አለኝ። ጋሻዬ በትከሻዬ አጮልቆ አየ።

«ሃምሳ አራት!»

«ሃምሳ ስምንት» አልኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ ሻለቃ አሰልፌ የቆጠርኩ ሰው ነኝ!»

«ሻለቃው ስለጎደለብህ ነዋ ወደ ቤት የላኩህ።»

ጠጠር ለቀምን። ሰባት ረድፍ ልንደረድር ስንል ሰዓቱ አለቀ፣ ሌላ ጥያቄ መጣ። ለእሱም ተከራከርን። የእሱን ሞከርን፣ ስሕተት። የእኔን ሞከርን፣ ስሕተት። የነጻ ኢንተርኔት ፈላጊ ልጆች ከበቡን፤ ግማሹ ለጋሻዬ፣ ግማሹ ለእኔ ይጮኻል። በመጨረሻ ቡሬ ተጋድሞ ማልቀስ ጀመረና መሣሪያው ሁሉንም ዘግቶ ወደ ሁለት መለሰን።

ማቆም ይቻል ነበር። ግን ክርክሩ ሞቀ። የተጻፈው በትሁን ስም መሆኑን አስቤዋለሁ ማለት አልችልም። አላሰብኩትም ማለትም አልችልም።

ታኅሣሥ 5

ትሁን ስትከፍተው አየች። መጀመሪያ ሞባይሉን ገልብጣ መሬት አስቀመጠችው። ከዚያ ግድግዳውን እያየች፣

«ትናንት የሰባት ነበርኩ። ዛሬ የሁለት ሆንኩ።»

«መሣሪያው ነው።»

«አይደለም። ክፍል ውስጥም አንድ ለአምስት ስንደራጅ የቡድናችን መሪ አንቺ ታስቀሪናለሽ ብላኛለች። ደነዝ ነኝ አይደል አባባ?»

ውጭ ወጥቼ በጎቹን አየሁ። በጎቹ ደህና ናቸው። ተመለስኩ።

«እኔ ነኝ» አልኳት። «ትናንት እኔና ጋሻዬ ነካካነው። ስንሳሳት ነው ያወረደሽ።»

ዓይኗን በእጇ ጠረገች። «ስንት ጊዜ ስንት ጠየቀዎት?»

«ሰባት ጊዜ ስምንት። ጋሻዬ ሃምሳ አራት አለ፣ እኔ ሃምሳ ስምንት።»

«እርስዎ አያውቁትም?»

«አውቀው ነበር። ረሳሁት።»

ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች። አፍንጫዋ እንደፈሰሰ። «ላስጠናዎት?»

እንግዲህ በሰባ ዓመቴ ተማሪ ሆንኩ። ነገ ለሰብሌ ደውዬ የወረደው በእኔ ጣት ነው እላታለሁ። ጣቴ ወፍራም ነው እላለሁ። ያም ውሸት አይደለም።

ታኅሣሥ 8

አዲስ ደንብ አወጣን። ከአንድ መጀመር የለም። ዜማ የለም። የትም፣ በማንኛውም ሰዓት፣ ሳያስጠነቅቁ ይጠየቃል። ወዲያው ያልመለሰ የቦኖ ውኃ ይቀዳል።

ዛሬ ውኃ የቀዳሁት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ጊዜ ስድስትን የጠየቀችኝ ምላጭ ጉሮሮዬ ላይ ሳለ ነው።

ታኅሣሥ 10

የቀዳሁት እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ 11

እኔ። ቦኖው ዘንድ ሙሉሃብት ጀሪካን አሸክማኝ «አያ አረጋ፣ ብዜቱ እንዴት ነው? ተከፈተልዎት?» አለችኝ። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ሰምተዋል ማለት ነው። ሙሉሃብት ካወቀች ብልባላ ያለ ሰውም አውቋል።

ታኅሣሥ 12

ዛሬ ግን ገብስ ስታበራይ አድፍጬ «ስምንት ጊዜ ስድስት!» ብላት ደነገጠችና «አርባ... አርባ...» አለች። ቀዳች! ትንሿን ጀሪካን ነው የሰጠኋት። ግማሽ አድርጋ መጣች። ግማሽም ቢሆን ድል ነው።

ታኅሣሥ 14

ገበያ። አንዲት ሴት ባቄላዋን በሰባ ብር ጠርታ ሃምሳ ብዬ ክርር ብያለሁ። ትሁን ከሥሬ ሆና «ስምንት ጊዜ ስምንት!» አትል መሰላችሁ? ሳላስብ «ስልሳ አራት!» ብዬ ጮኽኩ።

«እሺ አባቴ፣ ይውሰዱ» አለች ሴትዮዋ።

ከፈልኩ። ትክክል መልሼ ስከስር የመጀመሪያዬ ነው።

ታኅሣሥ 19

ገብርኤል ነው። ከቅዳሴ በኋላ ተጠንቷል። ቀኑን ያሰብኩት ማታ ነው።

ታኅሣሥ 22

ሞባይሉ ላይ ትሁን የስምንትን ፈጸመች፤ ቡሬ ካሮት በላ። አሁን ከጥያቄው ጋር እኩል ነው የምትመልሰው። ጋሻዬ እንኳ ዝም ብሎ ቆሞ ያያት ጀምሯል። «ይህች ለጄኔራልነት ነው» አለኝ። ለገና የሚመጣው ሕዝብ ከተማውን እየሞላው ነው፤ ነጩ ነጠላ ከተራራው ይፈስሳል። ኔትወርኩ እየተጨናነቀ ይጠፋል። ሲጠፋም እኛ አላቆምንም።

ታኅሣሥ 25

ዘጠኝን ጨረሰች። መሣሪያው ከዚህ ወዲያ ምንም የለውም። ቡሬ ዘውድ ደፋ፣ ከሰማይ ወረቀት ተበተነ። ትሁን እየዘለለች አቀፈችኝ። እኔም ደስ አለኝ። ደስ እንዳለው ሰው ሆንኩ።

ወደ ቤት ስንወርድ ጥያቄ ሳትጠይቀኝ ሄደች። በሩ ጋ ስንደርስ፣

«አባባ፣ ካወቅሁ ነው የምሄደው?»

«ማን ነው ያለሽ?»

«እትዬ ሙሉሃብት።»

እግዜር ይይላት። «ደሴ ትልቅ ከተማ ነው። አንሶላ የመሰለ አስፋልት አለው። እናትሽም አለች። ማታ ማታ ከእሷ ጋር ትተኛለሽ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ምን ሆንኩ?»

«ውኃውን ማን ይቀዳልዎታል?»

«አንቺ መቼ ቀድተሽ ታውቂያለሽ! ሁልጊዜ የምሸነፈው እኔ አይደለሁ?»

አልሳቀችም።

ታኅሣሥ 28

ሰብሌ ገባች። ለልጅቷ ሹራብ፣ ለእኔ ባርኔጣ። ሹራቡ ለትሁን በልክ ነው። ባርኔጣው ሰፋኝ። ራሴ ቀንሷል አለች።

ታኅሣሥ 30

ዛሬ የሆነውን ሳልጽፍ አልተኛም።

ምሳ ቀርቦ፣ ገና ስላለፈ ዶሮ ነው፣ ሰብሌ ትሁንን ፊቷ አቆመቻት። እኔ መደቡ ላይ ነበርኩ። የሁለትን መለሰች። የሦስትን መለሰች። አራት ጊዜ ሰባት ሲደርስ «ሃያ ስድስት» አለች። ደነገጥኩ። ይህን ዓይኗን ጨፍና የምትለው ነው።

«ስድስት ጊዜ ስድስት?»

«ሠላሳ።»

«ሰባት ጊዜ ስምንት?»

ትሁን እኔን እኔን አየች። «ሃምሳ አራት።»

ያኔ ገባኝ። የጋሻዬን ሃምሳ አራት!

ሰብሌ ሞባይሉን አወጣች። «እዚህ ግን ሁሉንም ጨርሳለች ነው የሚለው። ማን ነው የመለሰላት? አባዬ?»

«እኔ?» አልኩ። ሰው እንዲህ ሲሰደብ ምን ይላል?

«ጋሼ ጋሻዬም ሊሆን ይችላል» አለች። ይህስ ባሰ። ከዚያ ትሁንን ጠጋ አድርጋ ጸጉሯን ዳበሰቻት። «አይዞሽ እናቴ። ምንም አይደል። እስከ ክረምት ከአባባ ጋር ትቆያለሽ።» ድምፅዋ ግን ደሴ ደርሶ የተመለሰ ሰው ድምፅ ነበር፣ የደከመው። ደሴ ያለውን ክፍል እንኳ ቀለም አስቀብታላት ነበር።

ትሁን ዘና አለች። ፊቷ በራ። ማስታጠቢያውን አንሥታ ሮጣ መጣች፣ እጄን ልታስታጥበኝ። ሁሉ ነገር አለቀ። ክረምት ሩቅ ነው። እኔ አንድ ቃል አልዋሸሁ፣ አንድ ቃልም አልተናገርኩ። ዝም ብሎ እጅን መታጠብ ብቻ ነበር የቀረኝ።

ውኃው መውረድ ሲጀምር ፊቷን አየሁት። ይህን ሁሉ የምታውቅ ልጅ፣ ደነዝ ናት ተብላ እየተዳበሰች፣ ለእኔ ብላ።

«ዘጠኝ ጊዜ ስድስት!» አልኩ።

«ሃምሳ አራት!»

«ሰባት ጊዜ ስምንት!»

«ሃምሳ ስድስት!»

«ስምንት ጊዜ ዘጠኝ!»

«ሰባ ሁለት!» ካለች በኋላ ነው የነቃችው። ማስታጠቢያው ተዘንብሎ ቀረ፤ ውኃው በእጅጌዬ ገብቶ ብብቴ ድረስ ወረደ። «አባባ!» አለችኝ፤ ኪሷን የበረበርኩ ይመስል።

ሰብሌ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየች። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«አፌ አመለጠኝ» አልኩ። ዶሮው ጥሩ ነበር። አልበላሁም፣ ጥርሴን አሞኝ።

ጥር 1

ትሁን አኩርፋኛለች። ከትናንት ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልጠየቀችኝም። ሦስት ጊዜ ጠየቅኋት፣ ዝም አለች። በደንቡ መሠረት ውኃ መቅዳት ነበረባት፤ አላነሣሁትም።

ጥር 2

የደሴው አውቶቡስ ሊነጋጋ ሲል ነው የሚነሣው። ጋሻዬ ከሥራ ወጥቶ ሻንጣቸውን ተሸከመልኝ፤ ሙሉሃብት ዳቦ ይዛ መጣች። ትሁን ሳትስመኝ ገባች። ሰብሌ «ልጅ ናት፣ አባዬ፣ ይረሳታል» አለችኝ። እንዲረሳት አልፈልግም ልል ነበር፤ ሞተሩ ተነሣ።

አውቶቡሱ ነቅነቅ ሲል መስኮቱ ተከፈተ። ጭንቅላቷ ወጣ።

«አባባ! ዘጠኝ ጊዜ ሰባት!»

መናኸሪያው በሙሉ ዞሮ አየኝ። ጋሻዬ አየኝ። ሙሉሃብት አየችኝ።

«ሃምሳ ዘጠኝ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ተሸነፉ! ተሸነፉ! ውኃው የእርስዎ ነው!» እየሳቀች ነበር። አቧራው እስኪውጣት ድረስ እየሳቀች ነበር።

ጋሻዬ ክንዴን ያዘ። «አንተ ደነዝ፣ ይህን ያህል ተምረህ ስልሳ ሦስትን አጣኸው?»

«አጣሁት» አልኩት።

ጀሪካኑን ይዤ ቦኖ ወረድኩ።